የተዘጋውን ጉሮሮ ያልተወው ሐኪም

የረመዳን ጨረቃ ከታየችበት ምሽት ጀምሮ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ሙስሊም ቤቶች የመግሪብ አዛን ሲሰማ መጀመሪያ የሚነሳው ቴምርና ውኃ ነው። ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ቆጮው ከዚያ በኋላ ይከተላል። ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው የመጀመሪያዋ ጉርሻ ስትወርድለት የሚሰማውን እፎይታ ለጾመኛ መንገር አያስፈልግም። ይሁን እንጂ በየማዕዱ ዙሪያ አንዳንዴ ቴምሩን ይዞ የሚያመነታ፣ ጎርሶ ደረቱን የሚይዝ፣ ውኃ እየደጋገመ የሚጎነጭ፣ ኋላም ተነስቶ ወደ ጓሮ የሚያመራ ሰው አይጠፋም። ቤተሰቡ ጾሙ ጉሮሮውን አድርቆት ነው ይላል። እንጥሉ ወርዶ ነው የሚልም አለ።

ለብዙው ሰው እውነትም የአንድ ቀን ድርቀት ነው፤ ሾርባ ሲጠጣ ይለቀዋል። ለጥቂቶች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደረቅ ጉርሻ ከደረታቸው ሥር ይቆማል። ከወራት በኋላ ቆጮው ይቀራል፣ ቀጥሎ ገንፎው፣ ቀጥሎ የቡላው አጥሚት፤ በመጨረሻ ውኃም ተመልሶ ይመጣል። ሰውየው ምግብ በሞላበት ቤት ይራባል።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንተርከው ሰው ይህን ሕመም አስተውለው ከጻፉና ለሕመምተኛው ምን ይደረግለት ብለው ከተጨነቁ ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ነው። ስሙ አቡ መርዋን ዐብዱልመሊክ ኢብን ዙህር ይባላል። አውሮፓውያን ስሙ ለአፋቸው አልመች ቢላቸው አቬንዞር ብለውታል። ካረፈ ከ860 ዓመታት በላይ ሆኖታል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢብን ሲናን ስም የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ኢብን ዙህር ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነሳም። በእኛ ግምት ይህ የሆነው ፈላስፋ ስላልነበረ ነው። በዘመኑ የነበሩ ስመ ጥር ሐኪሞች ሕክምናን ከፍልስፍና፣ ከሥነ ፈለክና ከሕግ ጋር ደርበው ይይዙ ነበር። የአንዱ ስም በአንዱ ላይ እየተደገፈ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ኢብን ዙህር ዕድሜውን በሕክምና ላይ ብቻ ጨረሰ። የታወቀውም በሕክምና ብቻ ሆነ።

የተወለደው በ1094 ገደማ በሴቪያ ነው። ዐረቦቹ ኢሽቢሊያ ይሏት የነበረች፣ የዛሬዋ የደቡብ ስፔን ከተማ መሆኗ ነው። ያኔ አገሩ አንዳሉስ ይባል ነበር። ቤተሰቡ ከኢያድ ጎሳ የሚመዘዝ ሆኖ ባሕሩን ተሻግሮ በአንዳሉስ ምሥራቅ በሻጢባ የሰፈረ ነው። ቅድመ አያቱ የፊቅህ ሊቅ ነበር። ሕክምናን ወደ ቤቱ ያስገባው አያቱ ዐብዱልመሊክ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በቀይረዋንና በካይሮ ተምሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ለትውልዶች ዘለቀ።

አባቱ አቡል ዐላእ በመጀመሪያ የሴቪያው ገዢ የሙዕተሚድ፣ ቀጥሎም ከሰሜን አፍሪካ መጥተው አንዳሉስን የያዙት የሙራቢጦች ሐኪም ሆኖ አገልግሏል። ስለ እሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ነጋዴ ከዒራቅ አንድ ያማረ የኢብን ሲና ቃኑን ግልባጭ አምጥቶ በስጦታ ያበረክትለታል። አቡል ዐላእ አነበበው፤ አልወደደውም። ከዚያም ባዶውን የገጹን ጠርዝ እየቀደደ ለሕመምተኞች የመድኃኒት ማዘዣ ይጽፍበት ጀመር ይባላል። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ መቅደድ እኛን ያስቆጨናል። ግን ልጁ ያደገበት ቤት ምን ዓይነት እንደነበር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በዚያ ቤት አንድ መድኃኒት የሚከበረው ትልቅ ሰው ስለጻፈው ሳይሆን ሕመምተኛውን ሲያሽለው ስለታየ ነበር።

ልጁ እንደ ዘመኑ ወግ ቁርኣንና ሐዲስ፣ ሥነ ጽሑፍና ሕግ ተማረ። ሕክምናን የተማረው ከአባቱ ነው። የጋሌንንና የሂፖክራተስን መጻሕፍት ያስያዘው አባቱ፣ ገና በልጅነቱ የሐኪሞችን መሐላም አስምሎታል። መድኃኒት በእጁ መቀመምና ሽሮፕ ማዘጋጀት ይወድ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ለታላቅ ሐኪም የማይመጥን፣ የቀማሚዎች ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበርና ነገሩ ቀላል አይደለም።

በ1121 ለሙራቢጡ ልዑል ለኢብራሂም ኢብን ዩሱፍ አል-ኢቅቲሳድ የተባለውን መጽሐፉን ጻፈለት። ለሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ለተማረ አንባቢ ሁሉ የተዘጋጀ የጤና አጠባበቅና የሕክምና መጽሐፍ ነው። አባቱ በ1131 ገደማ በኮርዶባ ሞተ፤ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል የወጣ ክፉ እጢ እንደገደለው ይተረካል። ኢብን ዙህር የቤተሰቡን ስም ተሸክሞ ብቻውን ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው ክፉ ዘመን ነው። የልዑሉ ወንድም የሆነው አሚር ዐሊ ኢብን ዩሱፍ ጠላው። ኢብን ዙህር ከሴቪያ ሸሸ፤ ግን አላመለጠም፤ በ1140 ገደማ በማራኬሽ ታሰረ። ቂሙን ከአሚሩ ሞት በኋላም አልተወም፤ በኋላ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አሚሩን በመልካም አያነሳውም። የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ የግል ቁስል ብቅ ሲል ጸሐፊው ከመጻሕፍት ገልባጭነት የራቀ፣ የኖረውን የሚጽፍ ሰው መሆኑን ያስታውሰናል።

በ1147 ሙወሒዶች ማራኬሽን ሲይዙ የሙራቢጦች መንግሥት ወደቀ። አዲሱ ገዢ ዐብዱልሙእሚን ኢብን ዙህርን ሐኪሙና ወዚሩ አደረገው፤ ወደ ሴቪያም ተመለሰ። ከዚህ ዘመን አንድ አስደሳች ታሪክ ተርፏል። ዐብዱልሙእሚን የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት አጥብቆ ይጠላ ነበር። ኢብን ዙህር አልተከራከረውም። በአትክልቱ ውስጥ አንዱን የወይን ተክል መርጦ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የተዘፈዘፈበትን ውኃ ሲያጠጣው ከረመ። ወይኑ ሲያፈራ ዘለላውን አቀረበለት፤ ገዢው ጥቂት ፍሬ ሲበላ ይበቃሃል አለው፤ አሥር ፍሬ ስለበላህ አሥር ጊዜ ትቀመጣለህ ብሎም አስታወቀው፤ እንዳለውም ሆነ ይባላል። ቁጥሩን ተራኪዎች ሳያሳምሩት አልቀሩም። ፍሬ ነገሩ ግን ከሌላው ሥራው ጋር ይስማማል። መድኃኒቱ በፊት በር አልገባ ካለ ኢብን ዙህር ሌላ በር ይፈልጋል።

ታላቁን መጽሐፉን፣ አት-ተይሲርን የጻፈው በወዳጁ በፈላስፋውና በዳኛው በኢብን ሩሽድ ጥያቄ ነው። ኢብን ሩሽድ የሕክምናን አጠቃላይ መርሆዎች የሚተነትን መጽሐፍ ነበረው። የእያንዳንዱን የአካል ክፍል ሕመምና ፈውስ ዝርዝር ደግሞ ከእሱ ይልቅ ኢብን ዙህር ቢጽፈው እንደሚሻል አመነ፤ አንባቢዎቹንም ወደ አት-ተይሲር መራቸው። ሁለት ሊቃውንት ሥራ ተከፋፍለው አንዱ ለሌላው ሜዳውን ሲለቅ በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አናይም።

አት-ተይሲር ከራስ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ መጽሐፍ ነው። የልብን ሽፋን መቆጣት፣ በሳንባዎች መካከል የሚፈጠርን መግል፣ ቆዳ ሥር እየቆፈረች የምታሳክክን በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ፍጥረት ገልጿል። እኛን ግን የሚይዘን ስለ ምግብ ቧንቧ የጻፈው ነው።

የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ የሚወርድ፣ በአዋቂ ሰው 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጡንቻ ቱቦ ነው። ምግብ በክብደቱ ብቻ አይወርድበትም፤ ጡንቻው ከላይ ወደ ታች በማዕበል እየጨመቀ ይገፋዋል። ታችኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ጉርሻ ሲመጣ የሚከፈት፣ ካለፈ በኋላ የሚዘጋ የጡንቻ በር አለ። ይህ በር ወይም በላዩ ያለው ቱቦ በሁለት ዋና መንገዶች ይበላሻል። አንደኛው፣ እጢ ከውስጥ በቅሎ መንገዱን ሲያጠብ ነው፤ መጀመሪያ ደረቁን ምግብ፣ ኋላ ፈሳሹን ይከለክላል። ሁለተኛው፣ ምንም እጢ ሳይኖር ነርቮቹ ሞተው በሩ አልከፈት ሲል ነው፤ ሐኪሞች አካላዢያ ይሉታል። በዚህኛው ብዙ ጊዜ ውኃውም ቆጮውም ከመጀመሪያው እኩል ያስቸግራሉ።

ኢብን ዙህር ይህን ሁሉ የሚለይበት መሣሪያ አልነበረውም። ያየውን ግን በትክክል ጻፈ። ሕመሙ በቀላል ስሜትና በመጠነኛ የመዋጥ ችግር እንደሚጀምር፣ እየዋለ እያደረ እንደሚከፋ፣ በመጨረሻም መዋጥን ጨርሶ እንደሚከለክል አስቀመጠ። ዛሬ ይህን የሚያነብ ሐኪም የምግብ ቧንቧ ካንሰር ወዲያው ትዝ ይለዋል። በዚያን ዘመን ብዙ ሐኪሞች የማይድን ሕመም ሲገጥማቸው ከመኝታው ገለል ማለትን ይመርጡ ነበር፤ ሕመምተኛው ሲሞት ስማቸው አብሮ ይሞታልና። ኢብን ዙህር ገለል አላለም። እጢውን ማውጣት ባይችልም ረሃቡን ማስታገስ ይቻላል ብሎ ሦስት መንገድ አቀረበ።

የመጀመሪያው ከብር ወይም ከቆርቆሮ የተሠራ ቀጭን ቧንቧ ነው። በአፍ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧው ይገባል፤ ጠባቡን ቦታ ማለፍ ከቻለ ወተት ወይም ቀጭን አጥሚት በውስጡ ይፈስሳል። ሁለተኛው ሕመምተኛውን በወተት ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው፤ ቆዳው ጥቂት ቢስብ በሚል ተስፋ። ሦስተኛው የፍየል ፊኛ ከብር ቧንቧ ጋር አስሮ ምግቡን በፊንጢጣ በኩል ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ከንቱ ነው፤ ቆዳ ወተት አይመገብም። ሦስተኛውም ቢሆን ትልቁ አንጀት ውኃና ጨው እንጂ በቂ ምግብ ስለማይስብ ሰው አያቆይም። በዚህ ግን ኢብን ዙህርን ለመሳቅ አንቸኩል። በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ቆስሎ ምግብ አልረጋ ሲለው ሐኪሞቹ በዚሁ መንገድ ሊመግቡት ሞክረዋል፤ ያውም ከእሱ ከ700 ዓመታት በኋላ። የመጀመሪያው፣ የብሩ ቧንቧ፣ ትክክል ነበር። ዛሬ በየሆስፒታሉ መዋጥ ላቃተው ሕመምተኛ በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል የሚገባው ለስላሳ የምግብ ቱቦ የዚያ ሐሳብ ዘመድ ነው። ብረቱ ወደ ላስቲክ ተለወጠ፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ስለ ቢላዋስ? እዚህ ላይ የሰውየው ጠባይ ሁለት ወገን አለው። በአንዳሉስ ከእሱ 100 ዓመት ቀደም ብሎ የኮርዶባው አዝ-ዘህራዊ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በሥዕል አስደግፎ ጽፎ ነበር። ኢብን ዙህር ግን መቅደድን፣ በጋለ ብረት መተኮስንና ደም ማስወጣትን የረዳቶች ሥራ አድርጎ ያየው ነበር፤ የእሱ ደረጃ ያለው ሐኪም ይመረምራል፣ ያዛል፣ አመጋገቡን ይወስናል እንጂ እጁን ደም አይነካም ባይ ነው። ይህን አንወድለትም። የቤተ መንግሥት ኩራት ነው።

ኩራቱን የጣለበት ቀን ግን ነበር። ጉሮሮው አብጦ መተንፈስ ያቃተውን ሰው ለማዳን የአየር ቧንቧን ከአንገት ላይ መክፈት እንደሚቻል የጥንቶቹ ጽፈዋል። በእሱ ዘመን ግን ማንም ሲያደርገው አላየም። የተቆረጠ የአየር ቧንቧ አይገጥምም የሚል ፍርሃት ነበር። መጽሐፍ ከመጽሐፍ ጋር ከማከራከር ይልቅ ኢብን ዙህር ፍየል አስመጣ። ቆዳዋን ሰነጠቀ፣ ሥሩን ሽፋን ከፈተ፣ ከአየር ቧንቧዋ ከግብጦ ፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ ቆርጦ አወጣ። ቁስሉን እስኪያገግም ድረስ ውኃና ማር እየቀላቀለ አጠበው። ፍየሏ ዳነች፤ ከዚያም ረጅም ጊዜ ኖረች።

በእኛ ፍርድ በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ይህች ፍየል ትበልጣለች። በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በእንስሳ ላይ ሞከረ፤ ቁስሉ እስኪድን ጠበቀ፤ ውጤቱን ጻፈ። ማሩን እንኳ ልብ እንበል፤ ማር ለቁስል እንደሚጠቅም የእኛም እናቶች ያውቁታል፣ በዛሬ ሆስፒታሎችም ለቁስል መሸፈኛ የሚዘጋጅ ማር አለ።

የሞቱ ነገር ደግሞ ከአባቱ ጋር የተያያዘ ነው። በሴቪያ አል-ፋር የሚባል ሐኪም ወዳጅ ነበረው። አል-ፋር በለስ አዘውትሮ ይበላል፤ ኢብን ዙህር በለስ አይነካም። አንዱ ሌላውን ያስፈራራል፤ ያኛው በለስ በመተውህ እጢ ይገድልሃል ሲል፣ ይኼኛው ደግሞ በለስ በማብዛትህ መንዘፍዘፍ ይገድልሃል ይላል። ሁለቱም እንደተባባሉት ሞቱ ይላሉ ጸሐፍት። የበለሱን ነገር ለጨዋታ እንተወው። ኢብን ዙህር ግን እንደ አባቱ በእጢ መሞቱ ተመዝግቧል። በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ በራሱ ላይ መድኃኒት ይሞክር ነበር። በ1162 በሴቪያ አረፈ፤ ከከተማዋ ከድል በር ውጭ ተቀበረ።

ሙያው ከቤቱ አልወጣም። ልጁ አቡ በክር ታዋቂ ሐኪምና ባለቅኔ ሆነ። ሴት ልጁና የእሷ ልጅም በሴቶች ሕመምና በማዋለድ የተካኑ ነበሩ፤ በሙወሒዱ ገዢ ቤተሰብ ውስጥ ሴቶችን ያክሙ ነበር። አቡ በክርና ያቺ የእኅቱ ልጅ በ1199 ገደማ በማራኬሽ በምቀኛ ሚኒስትር እጅ ተመርዘው እንደሞቱ ይተረካል። ሴት ሐኪሞችን በስማቸው ሳይሆን በአባታቸው ስም ብቻ ማስታወስ የዚያ ዘመን ጸሐፍት ጉድለት ነው፤ እኛም ከዚያ በላይ መሄድ አልቻልንም።

መጽሐፉ ከባለቤቱ የበለጠ ተጓዘ። አት-ተይሲር ወደ ዕብራይስጥ፣ ቀጥሎም በ1280 ገደማ በቬኒስ ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ በ1490 እዚያው ቬኒስ ታተመ። በዚያው ጊዜ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ከፍተኛ ተሰሚነት የነበራት ከሐድያ የወጣችው እሌኒ ነበረች። የሐድያው ሙስሊም ገራድ የመሐመድ ልጅ ሆና ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ንግሥት የሆነች፣ ኋላም ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከች ናት። በሆሳዕና ያለው ትልቁ ሆስፒታል ዛሬ የሚጠራው በስሟ ነው፤ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ።

ኢብን ዙህር በቧንቧ ብቻ የቆመበትን መንገድ ሌሎች ለመቀጠል ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። በ1674 እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ በሩ የማይከፈትለትን አንድ ሕመምተኛ ጽፏል። ጫፉ ላይ ስፖንጅ የታሰረበት የዓሣ ነባሪ አጥንት አበጀለት፤ ሰውየው በጎረሰ ቁጥር ምግቡን በዚያ እየገፋ ለ15 ዓመታት ያህል ኖረ። በየማዕዱ፣ በየቀኑ። ትዕግሥቱን ማሰብ ይከብዳል።

ቢላዋው የደረሰው በ1913 ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ። በመጋቢት ወር በኒውዮርክ ፍራንዝ ቶሬክ የተባለ ቀዶ ሐኪም ካንሰር የያዘውን የምግብ ቧንቧ ከአንዲት አሮጊት ደረት ቆርጦ አወጣ። የቀረውን ጫፍ በአንገቷ ላይ አወጣው፤ በጨጓራዋም ላይ ቀዳዳ ነበራት። ሁለቱን በላስቲክ ቧንቧ አገናኘና ምግቡ ከሰውነቷ ውጭ በቧንቧው እየወረደ ጨጓራዋ ይገባ ጀመር። ሴትዮዋ በዚህ ከ10 ዓመት በላይ ኖረች። የኢብን ዙህር የብር ቧንቧ በመጨረሻ ከቢላዋው ጋር ተገናኘ ብንል አልተሳሳትንም።

በሚያዝያ ደግሞ በጀርመን በላይፕሲግ ኧርንስት ሄለር አልከፈት ያለውን በር ከፈተ። የሠራው ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። የምግብ ቧንቧው ታችኛው ክፍል በውጭ በኩል የጡንቻ ሽፋን፣ በውስጥ በኩል ለስላሳ ሽፋን አለው። ሄለር ጡንቻውን ብቻ በርዝመቱ ሰነጠቀ፤ የውስጡን ሳይነካ ተወው። የታነቀው ጡንቻ ሲላላ ምግቡ ወረደ። እሱ ከፊትም ከኋላም ሰንጥቆ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዱ ብቻ እንደሚበቃ ታየ። ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በአሁኑ ዘመን በሆድ ላይ በሚከፈቱ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ ይሠራል፤ በሩ አንዴ ከተከፈተ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ስለሚመለስ የጨጓራውን ጫፍ ስቦ በከፊል መጠቅለልም ይጨመርበታል። ሁሉም ሰው ደግሞ ቢላዋ አያስፈልገውም። በኢንዶስኮፒ የሚገባ ፊኛ በሩን በኃይል ያሰፋዋል፤ በ2011 የታተመ የአውሮፓ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ ፊኛው በ86 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምናው በ90 በመቶ ሕመምተኞች እንደሠራ አሳይቷል። ልዩነቱ ይህን ያህል አይደለም።

ወደ ሐድያና ከምባታ እንመለስ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በተዘረጋ የምሥራቅ አፍሪካ ሰንሰለት ላይ ከሌላው ዓለም በርከት ብሎ ይታያል፤ በአገራችን በተለይ አርሲና ባሌ በዚህ ይታወቃሉ። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር አስታውቋል። በኢፍጣር ሰዓት ከእሳት የወረደ ሾርባና ቡና በችኮላ ለሚጎነጭ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በሕፃናት ላይ ደግሞ በረኪናን በመሳሰሉ የጽዳት ኬሚካሎች የተቃጠለ የምግብ ቧንቧ ጠባሳ ሲያበጅ ጉሮሮውን ያጠበዋል። በየመንገዱ ዳር በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ የሚሸጠውን በረኪና ልጆች ውኃ መስሏቸው ይጠጡታልና።

በየከተማው የምናየው መዘግየት ነው። ሰው መጀመሪያ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የጨጓራ መድኃኒት ከፋርማሲ ይገዛል፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ ሲወጣ ሆስፒታል ይደርሳል። የምግብ ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ደግሞ በየከተማው የሚሠራ አይደለም፤ ሪፈር ወረቀት ተጽፎ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ሊጠይቅ ይችላል። እጢው ገና ትንሽ ሳለ የመጣ ሰው ለቢላዋው ይደርሳል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚደረግለት መንገድ ማስፋት ወይም የምግብ ቱቦ ማስገባት ይሆናል፤ ኢብን ዙህር ላይ የቆመው ቦታ ማለት ነው። ደረቅ ምግብ በተደጋጋሚ ከደረቱ የሚቆምበት አዋቂ ሰው ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ መጠበቅ የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

አንዳንድ አንባቢያን ምርመራው ጾማቸውን እንዳያፈርስ ይሰጋሉ፤ እስከ ዒድ ልታገሥ የሚሉም አሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 በጅዳ ባደረገው 10ኛ ጉባኤው ኢንዶስኮፒ ፈሳሽ ወይም ሌላ ነገር እስካልገባበት ድረስ ጾም አያፈርስም ሲል ወስኗል። በተግባር ግን ሐኪሙ ውኃ ወይም መድኃኒት ሊጨምር ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከዚያም የአካባቢውን ዓሊም ማማከር ይገባል። በቱቦ የሚገባ ምግብ ጨጓራ ስለሚደርስ ጾም ያፈርሳል፤ ቱቦ የገባለት ሕመምተኛ ግን ቀድሞውንም ጾም ከተነሳላቸው ሕሙማን ወገን ነው፤ ሕመሙ የማይድን ከሆነ ፊድያ ያወጣል።

ኢንዶስኮፒ በባዶ ሆድ ስለሚሠራ ጾመኛ ለቀጠሮው የተዘጋጀ ይመስላል። በሩ አልከፈት ላለው ሰው ግን ይህ አይሠራም። ከሱሑር ጀምሮ ምንም ባይቀምስም የትናንትና የትናንት ወዲያው ምግብ በሰፋው የምግብ ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል፤ በምርመራው ጊዜም ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዝ የበላው ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ደረቁ ይብስ ወይም ውኃው እንደሚያስቸግረው አስቀድሞ ለነርሷ ይንገራት፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ፈሳሽ ብቻ እንዲወስድ ልታዝዘው ትችላለች።